አርሴማ ያረፈችበት አገር

ወደ መቃብሩ የሚያወርደው ደረጃ ጠባብ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ አንድ እጅን ግድግዳው ላይ አሳርፎ መውረድ ይጠይቃል። ከመቅደሱ ሥር ያለችው ክፍል ትንሽ ናት፤ ጥቂት ሰው ከገባባት ትሞላለች። ከፊቴ አንዲት አርመናዊት እናት ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ቆማለች፤ ሦስቱም ስስ ሻሽ ጣል አድርገዋል። እናትየዋ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችና ተሳለመች፤ ልጆቹም እሷን አይተው ተሳለሙ። ሲወጡ ጀርባቸውን ለመቃብሩ አልሰጡም፤ የኋሊት እያፈገፈጉ ደረጃው ሥር ደረሱ።

እዚህ ያረፈችውን ሰማዕት አርመኖች ህሪፕሲሜ ይሏታል። እኛ ቅድስት አርሴማ የምንላት እሷኑ ነው።

በአገራችን ስሟን ለልጁ ያወጣ፣ በስሟ ጸበል የጠጣ፣ ስለት የተሳለ ስንቱ ነው! መስከረም 29 በመጣ ቁጥር ጣና ላይ ጀልባው፣ ወሎ ላይ መንገዱ በተሳላሚ ይሞላል። መቃብሯ የት አገር ነው ብንባል ግን አብዛኞቻችን ዝም እንላለን። ያረፈችበት ከተማ ቫጋርሻፓት ይባላል፤ ከአርመን ዋና ከተማ ከዬሬቫን በስተምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ይህን ዘገባ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው፦ ለዘመናት በጸሎታችን ስንጠራት የኖርነው ሰማዕት ያረፈችበትን አገር በመልኩም በሕዝቡም ልናውቀው ይገባል። (ከበዓላቱ ቀን በቀር በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውፊቱ በሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ይመሳሰላል። ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ሊያገባት ሲፈልግ አርሴማ ከደናግል ባልንጀሮቿ ጋር ሸሽታ አርመን ገባች። እዚያም ንጉሡ ድርጣድስ ተመኛት፤ እምቢ ስትለው እሷንም ባልንጀሮቿንም አስገደለ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ አእምሮውን ስቶ እንደ እሪያ ሆነ ይላል ታሪኩ። የፈወሰው ደግሞ ራሱ ንጉሡ ጉድጓድ ውስጥ አስጥሎት ለ13 ዓመት የኖረው ጎርጎርዮስ ነው። ድርጣድስ ተጠመቀ፤ አገሩም ተከተለው። አርመኖች ይህን ዘመን 301 ብለው ይቆጥራሉ፤ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገ የመጀመሪያው ሕዝብ እኛ ነን የሚሉትም ከዚህ ተነስተው ነው። የእኛው ኢዛና የተጠመቀውም በዚያው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

በመቃብሩ ላይ የቆመው ቤተ ክርስቲያን በ618 የተሠራ ነው። አክሱም ገና መንግሥት በነበረችበት ዘመን ማለት ነው። ከውጭ ሲታይ ጌጥ የለውም፤ ቡናማ ድንጋይ፣ አንድ ጉልላት፣ በየጎኑ በጥልቀት የተፈለፈሉ ረጃጅም ስርጓዶች። ውስጡ ግን ከውጭ ካሰቡት በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ብርሃኑ ከጉልላቱ መስኮቶች ይወርዳል። አርመን የመሬት መንቀጥቀጥ የማያጣት አገር ናት፤ ይህ ሕንፃ ግን 1,400 ዓመት ቆሟል። ጥቂት እልፍ ሲሉ የአርመን ቤተ ክርስቲያን የበላይ አባት የካቶሊኮሱ መንበር የሆነው ኤችሚያዚን ካቴድራል አለ፤ ጎርጎርዮስ ራሱ መሠረተው ይባላል። ትንሽ ራቅ ብሎ ዝቫርትኖትስ የተባለው የ7ኛው ክፍለ ዘመን ክብ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ተዘርግቷል። ሁሉም በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰሙ የኤችሚያዚን ካህናት ከየት ወዴት ብለው አልተደነቁም። ያውቁናል። በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ካልተቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል እነሱም እኛም አለንበት። በ1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የኤችሚያዚኑ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቫዝገን ተገኝተው ነበር። ከዚያ በፊትም በ14ኛው ክፍለ ዘመን የእኛው አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በስደት ኢየሩሳሌምንና ቆጵሮስን አልፈው ሄደው ያረፉት በአርመኖች ምድር ነው፤ ያኔ የአርመን መንግሥት በሜዲትራንያን ዳርቻ በኪልቅያ ነበር።

ጎርጎርዮስ የተጣለበት ጉድጓድ ዛሬም ይወረድበታል። ቦታው ኾር ቪራፕ የሚባል ገዳም ነው፤ ከዬሬቫን ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስድስት ሜትር ገደማ በብረት መሰላል ቀጥ ብሎ ይወረዳል፤ ታች አየሩ ይከብዳል፣ ሻማ ይነዳል፣ ሰው ግድግዳውን ይዞ ይጸልያል። ከጉድጓዱ ወጥተው ግቢው ጫፍ ሲቆሙ ግን የአርመን መልክዓ ምድር በአንዴ ይገለጥልዎታል። ከፊት አራራት ነው፤ 5,137 ሜትር፣ አናቱ ዓመቱን ሙሉ በረዶ። ከሥሩ የወይንና የአፕሪኮት እርሻ ተዘርግቷል። በመካከል አጥር አለ፤ አጥሩ ድንበር ነው። የኖኅ መርከብ ያረፈችበት ሲባል የኖረው ተራራ፣ በአገሪቱ ዓርማ ላይ የተሣለው ተራራ፣ በቱርክ ግዛት ውስጥ ነው ያለው። አርመኖች በየማለዳው ያዩታል እንጂ ከገዳሙ ተነስተው በእግር ሊደርሱበት አይችሉም፤ ቱርክ ድንበሩን በ1993 ዘግታዋለች።

አገሪቱ 29,743 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ሕዝቧ ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋል። የባሕር በር የላትም። ከአዘርባጃን ጋር ያለውም ድንበር በጦርነት ምክንያት ለአሥርተ ዓመታት ተዘግቶ ኖሯል፤ መንገደኛና ሸቀጥ ሲያልፍ የኖረው በሰሜን በጆርጂያ፣ በደቡብ በኢራን በኩል ነው። መሬቱ ግን እኛን ደገኞቹን ባይተዋር አያደርገንም። አማካይ ከፍታው 1,800 ሜትር ነው፤ ከፍተኛው ተራራ አራጋትስ 4,090 ሜትር ይደርሳል። በእሳተ ገሞራ የተሠራ አገር ነውና ድንጋዩ በየቀለሙ ነው፦ ጥቁር፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ። ዬሬቫን የተገነባችው በዚህ ሮዝ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተማዋ በሙሉ ትቀላለች።

ዬሬቫን በዕድሜ ከሮም ትቀድማለች። ንጉሥ አርጊሽቲ የከተማዋ መነሻ የሆነውን የኤሬቡኒን ምሽግ በ782 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማሠራቱን ያስቀረጸበት ድንጋይ ዛሬም አለ። የዛሬው የከተማዋ ገጽታ ግን በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አሌክሳንደር ታማንያን በ1924 ባወጣው ንድፍ መሠረት ክብ ሆኖ የተዘረጋ፣ ሰፋፊ ጎዳናና ብዙ የውሃ ፏፏቴ ያለው። በየመንገዱ ዳር የመጠጥ ውሃ ከድንጋይ ምንጭ ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ ሰው ቆም ብሎ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ቡናቸው እንደኛው በትንሽ ሲኒ የሚጠጣ ወፍራም ጥቁር ነው፤ አተላው ሲቀር ሲኒውን ገልብጠው ዕጣ የሚያነቡ እናቶችም አሏቸው።

ዬሬቫን ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ወደ ማቴናዳራን ይሂድ። ዳገቱ ላይ ያለ ግራጫ ሕንፃ ነው፤ ደጁ ላይ የአርመንን ፊደል በ405 የቀረጸው መነኩሴ የሜስሮፕ ማሽቶትስ ሐውልት ተቀምጧል። ውስጡ 23,000 ያህል ጥንታዊ ጽሑፎች ተቀምጠዋል፤ ከአርመንኛው ሌላ የግሪክ፣ የሱርስት፣ የዐረብኛ፣ የፋርስኛና የግእዝ ጽሑፎችም አሉበት። ብራና ባለበት ቤት ያደገ ኢትዮጵያዊ እዚህ ብዙ የሚያውቀው ነገር ያገኛል፦ የቀለሙን ቀይና ጥቁር፣ ወንጌላውያኑ በየወንጌላቸው መጀመሪያ መሣላቸውን፣ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ጸሐፊው ስሙን ጠቅሶ ጸልዩልኝ ማለቱን። ከፊደሎቹ አንዳንዶቹ የግእዝን ፊደል መልክ ይመስላሉ ያሉ ሊቃውንትም አሉ፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ግን መስታወቱ ፊት ቆሜ ስመለከት «ሀ»ን እና «ሰ»ን የፈለግሁባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ከሁሉ የበለጠ የያዘኝ አንድ ግዙፍ መጽሐፍ ነው። የሙሽ ድርሳን ይሉታል፤ በ1200 እና በ1202 መካከል የተጻፈ፣ 28 ኪሎ የሚመዝን፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥጆች ቆዳ የተሠራ። በ1915 በኦቶማን ግዛት የነበረችው የሙሽ ከተማ ስትቃጠል ሁለት ሴቶች መጽሐፉን በፈራረሰ ገዳም ውስጥ አገኙት። ለአንድ ሰው ሸክሙ ስለማይቻል ለሁለት ከፈሉት። አንደኛዋ ድርሻዋን እስከ ኤችሚያዚን ድረስ ተሸክማ አደረሰች፤ ሌላዋ መንገድ ላይ ሳትደርስ ቀረች፤ የእሷ ግማሽ በአንድ ገዳም ግቢ ተቀብሮ ቆይቶ ኋላ ተገኘ። ዛሬ ሁለቱም ግማሾች እዚሁ አሉ። የራሳቸውን ነፍስ ለማዳን እየሸሹ ሳለ ልብስና ስንቅ ትተው መጽሐፍ የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። ይህ ሕዝብ ቅርስ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከዚያ መጽሐፍ ፊት ቆሜ ይበልጥ ገባኝ።

በ1915 የሆነውን ሳያውቁ አርመንን መረዳት አይቻልም። በኦቶማን መንግሥት ሥር ይኖሩ የነበሩ እስከ 1.5 ሚሊዮን የሚደርሱ አርመኖች ተገደሉ ወይም በረሃ ለበረሃ ሲነዱ አለቁ። መታሰቢያው ከዬሬቫን በላይ ጺጼርናካቤርድ ኮረብታ ላይ ነው፦ 44 ሜትር ሽቅብ የተሰነጠቀ ሹል ሐውልት፣ ከጎኑ ዘንበል ብለው የተከበቡ 12 ትላልቅ ድንጋዮች፣ በመካከላቸው የማይጠፋ እሳት። በየዓመቱ ኤፕሪል 24 ሕዝቡ አበባ ይዞ ይወጣል። ከእልቂቱ የተረፉት በዓለም ተበትነው፣ ዛሬ ከአገሩ ውጭ ያለው አርመናዊ አገር ቤት ካለው ይበልጣል።

ከተበተኑት ጥቂቶቹ የደረሱት እኛው ዘንድ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በአርመኖች ገዳም የሙዚቃ ጓድ ያቋቋሙ ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» ተብለው የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለብሔራዊ ቴአትር ቤቱ ሙዚቃ ብዙ ደከመ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በአባቱ በኩል አርመናዊ የዘር ሐረግ ነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ አርመን ሰፈርና የአርመኖቹ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አሉ። ይህን ሁሉ ይዞ ጺጼርናካቤርድ የሚቆም ኢትዮጵያዊ የሌላ ሰው ሐዘን ላይ የመጣ እንግዳ አይደለም።

ከዬሬቫን ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ጋርኒ ያደርሳል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የአረማውያን ቤተ መቅደስ ነው፤ በ1679 የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ በ1970ዎቹ ዳግም ቆመ። ውብ ነው፤ ግን ለእኛ ጉዳዩ ያለው ከሱ አልፎ፣ ገደሉ ጠቦ መንገዱ የሚያበቃበት ላይ ነው። ጌጋርድ ገዳም ግማሹ በግንብ የተሠራ፣ ግማሹ ከተራራው የተፈለፈለ ነው። ዋናው ቤተ ክርስቲያን በ1215 ተሠራ፤ ፍልፍሎቹ በዚያው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ተከተሉ። ላሊበላ ላይ መጥረቢያው ገና ባልቀዘቀዘበት ዘመን እዚህም መነኮሳት አለት ይቀርጹ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱም ደስ ይላል፦ የላሊበላዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ከአለቱ ተለይተው በየጉድጓዳቸው ቆመዋል፤ የጌጋርድ ፍልፍሎች ግን ተራራው ውስጥ ገብተው ቀርተዋል፤ ብርሃን የሚያገኙት በየጣሪያቸው ላይ ከተበሳ ቀዳዳ ነው። ከአንደኛው ክፍል ግድግዳ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ ተሳላሚው ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ይጠጣል፣ ፊቱን ያብሳል። ጸበል ነው።

ላይኛው ክፍል በ1288 የተፈለፈለ ነው፤ አራት ምሰሶዎቹም የአለቱ አካል ናቸው። አምስት ሴቶች ገብተው በክብ ቆሙና መዘመር ጀመሩ። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፤ ድምፅ ብቻ። አለቱ ድምፁን ተቀብሎ ያቆየዋል፤ አንዱ ዜማ ሳያልቅ ሌላው ላዩ ላይ ይደረባል። ከጎብኚው መካከል ስልኩን አውጥቶ የነበረ ሁሉ ቀስ በቀስ አወረደው።

በዚህ ገዳም ቅጥር ላይ፣ በየመንገዱ ዳር፣ በየመቃብሩ ካችካር የሚባለው የድንጋይ መስቀል አለ። ሰው የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መስቀል ይቀረጻል፤ ዙሪያው እንደ ጥልፍ በሐረግ ይሞላል፤ ሁለት አንድ ዓይነት አይገኝም። የተሰቀለው ጌታ ምስል አብዛኛውን ጊዜ የለበትም፤ ከመስቀሉ እግር ግን ቅጠል ይበቅላል። ከእኛ የእጅና የመጾር መስቀሎች ጋር ያለው ዝምድና ሳይነገር ይታያል። ጥበቡ በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ትልቁ የካችካር መካነ መቃብር የአዘርባጃን ግዛት በሆነችው በናኺቼቫን፣ ጁልፋ ላይ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩት መስቀሎቹ ከ1998 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሰባብረው ጠፉ። ዛሬ በብዛት የሚታዩት ሴቫን ሐይቅ አጠገብ ኖራቱስ ላይ ነው፤ 900 ያህል ናቸው።

ሴቫን ራሱ ለጣና ዘመድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ላይ ተኝቷል፣ ደሴቱ ላይ ገዳም ነበረው። ነበረው የምለው በሶቪየት ዘመን ለመብራት ኃይልና ለመስኖ ሲባል ሐይቁ 20 ሜትር ገደማ እንዲወርድ ስለተደረገ ነው፤ በ874 የተመሠረተችው የሴቫናቫንክ ገዳም ያለችበት ደሴት ከየብስ ጋር ተጋጠመች። ዛሬ በእግር ይወጣባታል። ውሃውን ለመመለስ ከ48 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ በተራራ ውስጥ ፈልፍለው ከአርፓ ወንዝ ጠለፉ፤ ሐይቁ ከፊሉን መለሰ እንጂ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ኢሽኻን የሚባለው የሐይቁ የራሱ ዓሣም ተመናምኗል። ጣናን በእንቦጭ ሲታመም ላየ ሰው ይህ ታሪክ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ሐይቅን ማጉደል ጥቂት ዓመት ይበቃዋል፤ መመለሱ ግን ትውልድ ይፈጃል።

በየመንደሩ ሴቶች ላቫሽ ሲጋግሩ ማየት የሁሉም መንገደኛ ዕድል ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረው የሸክላ ምድጃ ቶኒር ይባላል። አንዷ ሊጡን ትዳምጣለች፣ ሌላዋ በትራስ ላይ ዘርግታ ከምድጃው ግድግዳ ጋር ትለጥፈዋለች፤ በቅጽበት ይነሳል። ለክረምቱ ደርድረው ያደርቁታል፤ ሲፈለግ እንደ ድርቆሽ ውሃ ይረጩበታል። በ2014 ይህም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ጾመኛ አይቸገርም፤ የጥራጥሬ ጥቅል የሆነው የጾም ቶልማቸው በጣም ጥሩ ነው።

ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም አርመናዊ ነው። ከአናሳዎቹ የሚበዙት የራሳቸው ሃይማኖት ያላቸው ያዚዲዎች ናቸው፤ በ2019 አክናሊች መንደር ውስጥ ትልቅ ነጭ ቤተ መቅደስ አቁመዋል። ከበዓሎቻቸው እኔን ደስ ያሰኘኝ ቫርዳቫር ነው። የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ እኛ ችቦ እናበራለን፣ እነሱ ውሃ ይረጫጫሉ። በዚያ ዕለት ዬሬቫን ውስጥ ደርቆ ቤቱ የሚገባ የለም።

ወደ ደቡብ መንገዱ ረጅም ነው፤ ቀዩ የኖራቫንክ ገደል፣ ከ6,000 ዓመት በፊት ወይን የተጠመቀበት የአሬኒ ዋሻ፣ ከዚያ በኋላ ተራራ በተራራ። ጎሪስ ላይ ቆም ይበሉ። በሴፕቴምበር 2023 አዘርባጃን ናጎርኖ ካራባኽን በጦር ስትይዝ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100,000 በላይ የዚያ አካባቢ አርመኖች ቤታቸውን ትተው የገቡት በዚች ከተማ በኩል ነው። ከጎሪስ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ በቮሮታን ሸለቆ ላይ የተዘረጋው 5.7 ኪሎ ሜትር የኬብል መኪና ታቴቭ ገዳም ያደርሳል። በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ፤ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሊቃውንት ያፈራ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ገዳም ነው። ደብረ ዳሞንና ጉንዳጉንዶን ለሚያውቅ የቦታው ምርጫ ግልጽ ነው፤ ጠላት ሲርቅ መጽሐፍ ይጻፋል።

ሰሜኑ ለሚቸኩል ሰው የሚቀር አይደለም፤ የሃግፓትና የሳናሂን ገዳማት የዓለም ቅርስ ናቸው፣ ጫካውም እዚያ ነው። ሳናሂን የሚግ አውሮፕላን ስሙን ያገኘበት የአርቴም ሚኮያን የትውልድ መንደርም ነው። ጊዩምሪ ደግሞ በዲሴምበር 1988 ቢያንስ 25,000 ሰው ከጨረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ገና ሙሉ በሙሉ አላገገመችም።

መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል ይበረራል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። የመግቢያ ደንቡ ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤችሚያዚንና ኾር ቪራፕ በአንድ ቀን ይታያሉ፤ ጋርኒና ጌጋርድ በሌላ። አርመኖች የአርሴማን በዓል የሚያከብሩት ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው፤ የእኛ መስከረም 29 የሚውልበት ሰሞን ግን ወይኑ የሚለቀምበት፣ ሙቀቱ የበረደበት፣ በረዶው ያልወረደበት ጊዜ ነው፤ ለጉዞ ከዚህ የተሻለ የለም።

ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ግብፅ ገዳማት ተሳላሚ የምትወስዱ ማኅበራት ሆይ፣ ቫጋርሻፓትን በጉዞ ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡ። የአርመን ቤተ ክርስቲያን በሯ ክፍት ነው፤ የእኛም ቤተ ክህነት አባቶች ከኤችሚያዚን ጋር ተነጋግረው የአርሴማን መቃብር ለሚሳለም ኢትዮጵያዊ መንገዱን ያመቻቹ።